የዉፒ ጎልድበርግ ፕሮጀክት፦ የግራንት (የገንዘብ ድጋፍ) ማመልከቻ ረቂቅ፣ አሜሪካ ያለው የማኅበራችን የቡድን ውይይት (ዓርብ ይገባል!)

ጸሐፊ (ሰኞ)፦ ረቂቁ ይኸው። ከ16 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ልጃገረዶቻችን ለ6 ቅዳሜ ይሰባሰባሉ። እያንዳንዷ የ5 ደቂቃ የብቻ ትርኢት ጽፋ ታቀርባለች። ምሳሌያችን አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ዉፒ ጎልድበርግ ናት። ትምህርት ቤት ንባብ አስቸግሯት አቋርጣ የወጣች የኒውዮርክ ልጅ። ካሊፎርኒያ ሄዳ ጡብ ደርድራለች፣ ቀብር አስፈፃሚ ቤት ተቀጥራ ሟቾችን አሳምራለች። ከዚያ ብቻዋን መድረክ ወጥታ አምስት ስድስት ሰው ሆነች። በ1984 ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልቁ የቲያትር ሰፈር) ገባች፣ በ1985 ‹ዘ ከለር ፐርፕል› ፊልም ላይ ተወነች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) 4,000 ዶላር እንጠይቃለን፣ ከማኅበሩ 2,000።

ገንዘብ ያዥ፦ የትኛው 2,000? አምና የአዳራሹ ዲፖዚት 900 ዶላር እንደወጣ ቀርቷል። ማን እንደፈረመ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ሰብሳቢ፦ ዲፖዚቱን እዚህ አታምጪው።

ገንዘብ ያዥ፦ የት ልውሰደው?

የግራፊክስ ልጅ፦ ፍላየሩን እኔ እሠራለሁ። ዛሬ ማታ ይደርሳችኋል 🙌

የቀድሞ ሰብሳቢ (ማክሰኞ)፦ ረቂቁ «ኮሜዲያን ዉፒ ጎልድበርግ» ይላል። አንዲት ሴት እንዴት ኮሜዲያን ትባላለች? መምህር፣ መምህራን። ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያውያን። «ያን» ለብዙ ነው። ለአንዲት ሴት «ኮሜዲያዊት» ነው የሚባለው። በማኅበሩ ስም እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ዝም አልልም።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ጋሼ፣ ክርስቲያንስ? አንድ ክርስቲያን አይባልም?

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ እሱ ሌላ ነው።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እንዴት ነው ሌላ የሆነው?

የአሌክሳንድሪያዋ (ቨርጂኒያ)፦ ለምን «ቀልደኛ» አንልም? አማርኛ አይደለም እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ ቀልደኛ ሲባል እኔ የሚታየኝ ተበድሮ የማይመልስ ሰው ነው። ኦስካር ያላትን ሴትዮ ቀልደኛ ብላችሁ ካውንቲ ልትልኩ ነው?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ማመልከቻው እኮ በእንግሊዝኛ ነው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ፍላየሩ ግን በአማርኛ ነው! ደግሞ ታች «ተዋናይ» ተብሏል። ተዋናይት ነው።

የወጣቶች ተጠሪ፦ ልጆቹ ፍላየሩን በአማርኛ አያነቡትም ጋሼ። የሚያነቡት እናቶቻቸው ናቸው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ጥፋቱ የማን ነው? የቅዳሜውን የፊደል ትምህርት ማን ዘጋው?

ሰብሳቢ፦ እኔ አልዘጋሁትም። አስተማሪ ጠፋ እንጂ።

ገንዘብ ያዥ፦ 4,000 ዶላር ደጃችን ቆሞ በ«ያን» እንጣላ? ጋሼ፣ እርስዎ ሰብሳቢ በነበሩ ጊዜ እንኳን ኮሜዲያን፣ አንድ ደረሰኝ በትክክል አልተጻፈም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ እኔ ከዚህ ውይይት ወጥቻለሁ።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ከመውጣቴ በፊት፦ ኮሜዲያዊት።

የአሌክሳንድሪያዋ (ረቡዕ)፦ ሌላም ነገር አለ። በ2022 ስለ አይሁዶች እልቂት በተናገረችው ነገር የምትሠራበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ለሁለት ሳምንት አግዷት ነበር። ይቅርታ ጠይቃለች፣ አውቃለሁ። ካውንቲው ቢጠይቀን ምን እንላለን?

ጸሐፊ፦ የሆነውን እንነግራቸዋለን። ሴትዮዋ ከ2007 ጀምሮ ‹ዘ ቪው› የሚባለውን የቴሌቪዥን ቶክ ሾው የምትመራ ናት። በየቀኑ ቀጥታ እየተናገሩ ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑ አይቀርም። ከዚያ በፊት የራሷን የማታ ቶክ ሾው ሞክራለች፣ በ1992። በየምሽቱ አንድ እንግዳ ብቻ። አንድ ዓመት ቆይቶ ተዘጋ። ለልጆቹ ይኼንንም መንገር እፈልጋለሁ፣ ሽልማቱን ብቻ አይደለም።

ሰብሳቢ፦ ለምን ፊልም አናሳይም? ‹ሲስተር አክት›። መነኩሴ መስላ ገዳም የምትደበቅበት። እናቶች ይወዱታል። ስድስት ቅዳሜ ለሰው ይከብዳል።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ይገዛል። ከቤት ዲቪዲ ይዞ መምጣት አይቻልም።

የምግብ ኮሚቴ፦ ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን ብቻ። በፆም ቀን ዶሮ አልሠራም።

ጸሐፊ፦ እማማ፣ ቅዳሜ ነው። ደግሞ ዶሮ በረቂቁ ውስጥ የለም።

የምግብ ኮሚቴ፦ ሰው በባዶ ሆዱ ይሳቅ?

ሰብሳቢ፦ የፍላየሩ ልጅ የታለ?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም።

የምግብ ኮሚቴ፦ ይቺ ዉፒ መድረክ ላይ ትንሽ ጥቁር ልጅ የሆነችበትን ልጄ በስልክ አሳየችኝ። ሸሚዝ ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ «ረጅም ቢጫ ፀጉሬ ነው» የምትለዋን። እንግሊዝኛውን ሁሉ አልሰማሁትም። ግን የእኔዋም በነጠላዬ እንዲሁ ታደርግ ነበር። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንደኛ ክፍል እያለች። ጥለቱን በግንባሯ አዙራ መስታወት ፊት ታወዛውዘዋለች። እኔ እስቅ ነበር። ትናንት ስጠይቃት «እማ፣ እየቀለድኩ አልነበረም» አለችኝ።

ጸሐፊ፦ እማማ፣ ይኼን መድረክ ላይ ይንገሩልን።

የምግብ ኮሚቴ፦ እኔ? ከነሽርጤ?

የወጣቶች ተጠሪ፦ ከነሽርጥዎ!

ሰብሳቢ፦ እንዲያውም እናቶች ቢያቀርቡ ይሻላል። ልጆቹ ፈተና አለባቸው። አንድ ምሽት፣ አምስት እናቶች፣ እራት፣ መግቢያ 25 ዶላር። ሁለቱ ሺህ ከዚያው ይወጣል።

ጸሐፊ፦ ፕሮጀክቱ የልጃገረዶች ነበር።

ሰብሳቢ፦ ልጃገረዶቹ ያስተናግዳሉ።

ጸሐፊ፦ ሰሃን ሊያቀርቡ?

ገንዘብ ያዥ (ሐሙስ)፦ ሒሳቡን ሠራሁት። አዳራሽ፣ ምግብ፣ ኢንሹራንስ። ከካውንቲው 4,000 ውስጥ 1,600 ለስፒከርና ለሁለት ማይክ ይሁን። የኪራይ ስፒከር በየዓመቱ እየበላን ነው። ጋሼ፣ ስለ ደረሰኙ ይቅርታ፣ ከሥራ ደክሜ ገብቼ ነው የጻፍኩት።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ምንም አይደል ልጄ። ስፒከሩ ተገቢ ነው። ማይኩ ገመድ አልባ ይሁን።

ጸሐፊ (ሐሙስ፣ እኩለ ሌሊት)፦ አስተካክዬዋለሁ። አንድ የእናቶች ምሽት፣ እራት፣ ስፒከር። ልጃገረዶቹ የቀራቸው አንድ ቅዳሜ ነው፣ እሱን አልነካም። ዉፒ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ አላት። ፍላየሩን ራሴ በስልኬ እሠራዋለሁ። ኮሜዲያንም፣ ኮሜዲያዊትም፣ ተዋናይትም አልጻፍኩም። ስሟ ብቻ ነው ያለው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦ ጥሩ። ግን «ዉፒ» ነው ወይስ «ዊፒ»? ደግሞ በ«ዉ» ነው በ«ው»?