የለጋሾችን ስም ዝርዝር ማውጣት ብንተው ሰው ያምነናል ወይ?

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሳቢያን ሰፈር ያደግን ጓደኛሞች ነን። በስምንት ሰው የጀመርነው ነገር አሁን በየወሩ የሚያዋጡ መቶ ሠላሳ ምናምን ሰዎች አሉት፣ ግማሹ ውጭ አገር ያለ የድሬ ልጅ ነው። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ቤት አስቤዛ እናደርሳለን። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ደሞዝ የሚበላ ሰው የለንም፣ ባጃጅ እንኳ ከኪሳችን ነው።

ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ልማድ አለን። ወር ሲያልቅ ማን ስንት እንደሰጠ ሙሉ ስሙን፣ ስልኩንና የብሩን መጠን ጽፈን የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እንለጥፋለን። ስልኩን የጨመርነው ስማቸው እስከ አባት የሚመሳሰል ሰዎች ስላሉ ነው። ሰው ይወደው ነበር። ስሙን ፈልጎ ያገኛል፣ "አሜን" ብሎ ያልፋል።

ባለፈው ወር ቀፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናታችን ተደወለላቸው። "ከእርዳታ ማህበሩ ነው፣ ባለፈው የላኩት 600 ብር አልገባልንም፣ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ይንገሩን" ተባሉ። ነገሩ። በአካውንታቸው የነበረው ሁሉ ተጠርጎ ሄደ። ምነው አመኑት ስላቸው "ስሜን እስከ አያት ጠራው፣ ብሩንም ሳይሳሳት ነገረኝ፣ ከእናንተ ሌላ ማን ያውቃል ብዬ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩን የሰጠነው እኛ ነን።

እሳቸው አንድም ቃል አልተቆጡንም። ይልቅ በሳምንቱ የወሩን መዋጮ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቤት ድረስ አመጡልኝ። ቋጠሮውን ሲፈቱ ማየት አቅቶኝ ዞር አልኩ።

አሁን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ዝርዝሩ ዛሬውኑ ይቅር ይላል። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ "ዝርዝሩ ከቀረ በሳምንቱ በሉት እንባላለን" ይላል፣ እሱም አልዋሸም። ምን እናድርግ?

---

አቦ ተረጋጋ

አቦ ስልክ ቁጥር መለጠፍ ምን የሚሉት ነው! ስም እሺ። ስልክ ግን? ለሌባ ማውጫ አዘጋጅታችሁ ሰጣችሁት እኮ። ለማንኛውም ሴትዮዋን አንድ ነገር አድርጉላቸው፣ ሌላው ይደርሳል።

---

ሒሳብ ሹሟ

ወንድሜ፣ እኔ ድሬ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሒሳብ ስሠራ ዓመታት አልፈውኛል። ገንዘብ ያዣችሁ የፈራው ነገር እውነት ነው፣ መፍትሔው ግን ስም ማውጣት አይደለም።

ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡት። ካርኒ ሲቆረጥለት ወይም ቴሌብር ላይ መላኩ ሲረጋገጥ "ያንተ ቁጥር 47 ነው" ይባላል፣ አለቀ። ወር ሲያልቅ የምትለጥፉት "47፦ 500 ብር፣ 48፦ 200 ብር" የሚል ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱን ያገኛል፣ ሌላው ሰው ምንም አያገኝም። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ በወረቀት ይሁን፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ ይየው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የእርዳታ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው ሲገባ አይደለም፣ ሲወጣ ነው። እናንተ ገቢውን በስም በስልክ ዘርዝራችሁ ስታበቁ ወጪውን "ለአስቤዛ 38,000" ብላችሁ በአንድ መስመር ታልፉታላችሁ፣ ተሳሳትኩ? ገልብጡት። ወጪው ነው መዘርዘር ያለበት። ዘይት ባለ አምስት ሊትር ስንት ጀሪካን፣ አንዱ በስንት፣ ከየት ተገዛ። ሩዝ ስንት ኪሎ፣ ኪሎው በስንት። አሸዋ ገበያ ወርዳ የምትሸምት እናት ያንን ስታይ ካንተ ኦዲተር በላይ ኦዲተር ናት፣ አንድ ብር ከተጨመረ ታውቀዋለች። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ፣ የነጋዴው ስም አደባባይ ቢወጣ ጉዳት የለውም።

የባንክ ሒሳባችሁ በጣምራ ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው? በአንድ ሰው የግል አካውንት ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ያንን ሳታስተካክሉ ስለሌላው ብናወራ ዋጋ የለውም።

ደግሞ ተመዝግባችኋል? ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው ፌዴራል ነው፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጋ፣ በአዋጅ 1113/2011። እድር ብትሆኑ አዋጁ አይመለከታችሁም ነበር፣ ግን በየወሩ ከውጭ አገር ጭምር ገንዘብ እየሰበሰባችሁ እድር ነን ማለት ትንሽ ይከብዳል። ብትመዘገቡ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ሕጉ ያስገድዳል፣ ለናንተ ቀላል ነው፣ ወጪ የላችሁም። ስለ ስልኩ ጉዳይ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የሚባል ወጥቷል። የሰው ስምና ስልክ የሰውዬው ነው፣ አደባባይ ለማውጣት ፈቃዱ ያስፈልጋል። "ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው" ፈቃድ አይደለም።

---

ጠያቂው

ሴትዮ ካሜራ ያስገባሽብን ነው የመሰለኝ። ወጪው በእርግጥም በአንድ መስመር ነው የሚወጣው። አካውንቱ የሦስታችን ነው፣ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፣ እሱ እንኳ ደህና ነው። አልተመዘገብንም።

---

ጉርሻ

ቁጥሩ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የሌሉ ቁጥሮች ፈጥረው ቢያወጡስ? ስም ሲሆን ቢያንስ ሰውዬውን አውቀዋለሁ።

---

ሒሳብ ሹሟ

@ጉርሻ የሌለ ቁጥር ፈጥሮ "500 ብር ገባ" የሚል ሌባ ራሱ ላይ ዕዳ ጻፈ ማለት ነው፣ ያንን 500 ብር ከየት አምጥቶ ያሳያል? ሌባ የሚፈልገው የገባውን መደበቅ ነው። የተደበቀው ደግሞ የአንድ ሰው ቁጥር ነው፣ ያ ሰው ዝርዝሩ ላይ ራሱን ሲያጣ ይጮኻል። ድምሩን ደግሞ ከለጋሾቹ መሀል በዕጣ የተመረጡ ሦስት ሰዎች ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ያመሳክሩት። በየሩብ ዓመቱ ይቀየሩ። ሦስቱ ያዩትን ስም ውጭ እንዳያወጡ ይፈርሙ።

---

ከጀጎል ውስጥ

ልጆቼ፣ እኔ ሐረር ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ጽሑፌ ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ።

ይህ ስም የመጥራት ነገር ከየት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። እድር ላይ፣ እዚህ በኛ ዘንድ አፎቻ ላይ፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ደረሰኝ በሌለበት ዘመን ደረሰኙ የሰው ጆሮ ነበር። ገንዘብ ያዡ "ተቀብያለሁ" ሲል አርባ ሰው ሰማው፣ ነገ አልተቀበልኩም ቢል አርባ ምስክር አለ። ግን የሰማው ማን ነው? ቤትህን የሚያውቅ፣ ልጅህን የሚቀጣ ጎረቤት ነው። ሰምቶም ቤቱ ይገባል፣ በማግስቱ ማን ስንት እንደሰጠ አያስታውሰውም። የናንተ ቴሌግራም ግን አይረሳም፣ ያነበበው ደግሞ ማን እንደሆነ አታውቁትም።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ድሬ ነበርኩ። ሰው ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ድስት እየያዘ ይመጣ ነበር። አንድ ሰውዬ ጆንያ ሙሉ ዱቄት አውርዶ ስምህን ንገረን ሲሉት "ዱቄቱን ቁጠሩት፣ እኔን አትቁጠሩኝ" ብሎ ሄደ። እስካሁን አልረሳውም። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለው ወንጌልም ላይ አለ፣ ሐዲስም ላይ አለ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጎረቤታሞች ናቸው። ስሙ እንዲወጣ የማይፈልግ ሰው ነውር ፈርቶ አይደለም፣ ምንዳው እንዳይጎድልበት ነው። ያንን ሰው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

---

ታይዋን ሞባይል ጥገና

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ከሥራዬ አንጻር ሁለት ሦስት ነገር ልበል፣ በየቀኑ የሰው ስልክ ነው የምከፍተው።

አንደኛ ዝርዝሩን ከግሩፑ ብታጠፉትም አንዴ ያወረደው ሰው ስልክ ላይ አለ። ስለዚህ ለመቶ ሠላሳው ሰው በግልጽ ጻፉላቸው። "ስማችሁና ስልካችሁ ወጥቷል፣ በኛ ስም የሚደወል ካለ እኛ አይደለንም፣ እኛ በመልእክት የሚመጣ ቁጥር ጠይቀን አናውቅም" በሏቸው። ደብቃችሁ ብታልፉት ሁለተኛው ሰው ሲዘረፍ ያኔ ነው እምነት የሚያልቀው። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል እንኳ በጥር 2014 ሰርቨሩ ተሰብሮ በጦርነትና በስደት የተለያዩ ቤተሰቦችን ጨምሮ የ515,000 ሰው መረጃ ሲወሰድበት ራሱ ወጥቶ ነው የተናገረው።

ሁለተኛ ግሩፑን ተዉትና ቻናል ክፈቱ። ግሩፕ ላይ አድሚኑ ካልደበቀው በቀር አባል ሁሉ አባሉን ያያል፣ ገብቶ እየለቀመ በውስጥ መስመር ይጽፍላቸዋል። ቻናል ላይ ማን እንዳለ የሚያየው አድሚን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሰዎች የባንክ ማረጋገጫ ስክሪንሾት ሲለጥፉ ስሙን በስልኩ ማድመቂያ ብዕር ጥቁር አድርገው ይቀቡታል። የተሸፈነ ይመስላል። ግን ያ ብዕር ቀለሙ አሳላፊ ነው፣ ፎቶውን ከፍተህ ብርሃኑን ጥግ ድረስ ስትጨምረው ስሙም ቁጥሩም ከሥር ብቅ ይላል። ሱቄ ውስጥ ለደንበኛ አሳይቼው አንድ ጊዜ ሰውዬው ሻዩን አፈሰሰ። ቆርጣችሁ ጣሉት፣ አትቀቡት።

አራተኛ የገንዘብ ያዣችሁ ስልክ ሲበላሽ ዝርዝሩ ውስጡ እያለ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። እኔ ጥሩ ሰው ነኝ 😄 ሁሉም ግን እኔ አይደለም።

---

ከለንደን የድሬ ልጅ

እኔ በተቃራኒው ነኝ፣ አትቆጡኝ። ስሜ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። እናቴ እዚያው ነው ያለችው፣ ጎረቤት ዝርዝሩን አይቶ "ልጅሽ አልረሳንም" ሲላት ደስ ይላታል። ሁለት ጓደኞቼም ስሜን አይተው ነው የገቡት። ስለዚህ ሁሉንም ከመዝጋት ሰውን ጠይቁት፣ የፈለገ ስሙ ይውጣ፣ ብሩ ግን አይውጣ። ስልክ በምንም ዓይነት!

እዚህ እንግሊዝ ትልልቆቹም ተቀጥተዋል። በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ላይ የእንስሳት ደኅንነት ጠባቂው ድርጅትና የልብ ሕሙማን ፋውንዴሽኑ ለጋሾቻቸውን ሳያስፈቅዱ ማን ሀብታም እንደሆነ አስጠንተው ተገኝተው አንዱ 25,000፣ ሌላው 18,000 ፓውንድ ከፈሉ። የሰጠውን ሰው ሳይነግሩት ስላጠኑትና መረጃውን ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ስለተለዋወጡ ነው።

እኔን ግን ከኛ ስም ይልቅ የሚያሳስበኝ የተረጂዎቹ ነው። እኛ ቢያንስ መርጠን ገባን። ባለፈው አንድ ግሩፕ ላይ የታመመ ልጅ ፎቶ ከነሆስፒታል ወረቀቱ አየሁ፣ የበሽታው ስም፣ የእናቱ ስልክ፣ የቤት ቁጥር ሁሉም አለ። በሦስተኛው ቀን ያው ፎቶ ሌላ ቦታ በሌላ የባንክ ቁጥር ወጣ። እናትየው ሳታውቅ ሰው በልጇ ሕመም ሲነግድ ነበር ማለት ነው። ልጁ ድኖ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ያንን ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። የእናንተን አረጋውያን ዘይትና ሩዝ ታቅፈው ፎቶ ታነሷቸዋላችሁ?

---

ጠያቂው

እናነሳ ነበር። በየወሩ። በር ላይ አቁመን።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ኮሚቴው ከዚራ ተሰብስቦ ነበር፣ ይህንን ሁሉ በስልክ አነበብኩላቸው። ገንዘብ ያዣችን ዝም ብሎ ሰማና "ወጪውን ዘርዝሩ ከተባለ እኔ ደስታዬ ነው፣ ሁሌ የምታማው እኔ ነኝ" አለ። የቁጥሩ ነገር ከዚህ ወር ይጀምራል። ለሁሉም ሰው የሚላከውን ማስጠንቀቂያ ዛሬ ጽፌዋለሁ፣ ጥፋቱ የኛ እንደሆነ ሳልሸፋፍን። አንዱ "ይሄንን ቃል አውጣው" ብሎኝ ነበር፣ አላወጣሁትም።

ለእናታችን ከኮሚቴው ኪስ አዋጥተን የተወሰነውን መልሰናል፣ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ልጃቸው ተቀበለን። ቁጥር 1 ይሁኑ ተባብለናል። ስነግራቸው "ቁጥር ምን ያደርግልኛል፣ ቤቴን ታውቁት የለ" አሉኝ።

@ሒሳብ ሹሟ ለምዝገባው የሚያስፈልገውን ወረቀት በውስጥ መስመር ብትልኪልኝ? ስልኬን እዚህ አልጽፍም 😄