አድራሻ ያለ ባንክ፣ ባንክ ያለ አድራሻ፦ ከየትኛው ይጀመር?

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ልጆች ጋር አዲስ አገር ገብተን ወረቀቱ ላይ ተቀርቅረናል። ባንኩ ሒሳብ ለመክፈት የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል፤ አከራዮች ደግሞ የአገሩ ባንክ ሒሳብ ከሌለ የዓመት ውል አይፈርሙም። ትምህርት ቤቱ የሚመዘግበው የሰፈሩን ነዋሪ ስለሆነ ሁለቱንም ይጠብቃል። ያረፍንበት በቀን የሚከራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ለነዋሪነት ምዝገባ ደብዳቤ አይሰጥም። የስልክ ደረሰኝም አልጠቀመም፣ ሲሙ ቅድመ ክፍያ ስለሆነ አድራሻ የለበትም።

ያሰብነው ዕቃ የተሟላለት ቤት ከ3 እስከ 6 ወር ይዘን፣ ቀብድ ሳንከፍል በፊት «በዚህ አድራሻ መመዝገብ ይቻላል» የሚል አንቀጽ ውሉ ላይ ማስገባት ነው። ይወደዳል፤ ግን ቋጠሮውን የሚፈታው እሱ ይመስለኛል። ቤቱን ሳታዩ የ6 ወር ኪራይ ላኩ የሚሉትን ትተናቸዋል።

የምጠይቃችሁ፦ በፓስፖርት ብቻ የሚከፈት የኦንላይን ሒሳብ ይዞ አከራይ ያሳመነ አለ?

ሌላው የልደት ወረቀት ነው። አስቀድመን አስተረጎምነው፤ አፖስቲሉ (በ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት የሚሰጠው፣ የሰነዱን ፊርማና ማኅተም እውነተኛነት ለሌላ አገር የሚያሳይ ማረጋገጫ) የተለጠፈበት ከዚያ በኋላ ስለሆነ እሱ ራሱ ሳይተረጎም ቀረ። የአፖስቲሉን ገጽ ብቻ አስተርጉሞ ማያያዝ ይበቃል ወይስ ሙሉው እንደገና?

የትንሹ ልጅ የክትባት ካርድም ወርና ዓመት እንጂ ቀን የለውም። በሁለቱ የኩፍኝ ክትባቶች መካከል ቢያንስ 28 ቀን ማለፉን ማሳየት አልቻልንም። የኩፍኝ መከላከያ በደሙ እንዳለ የሚያሳይ የደም ምርመራ ውጤት ትምህርት ቤት ይቀበላል ወይስ ድጋሚ ማስከተቡ ይፈጥናል? ምዝገባው ሊዘጋ 2 ሳምንት ቀርቶታል።