ሴፍቲኔት ለጋሾቹ ቢወጡ ይቀጥላል?

የላስታ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ጋ ሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው ድጋፍ) ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ሰው በበጋ እርከን ይሰራል ከዛ በብር ወይ በስንዴ ይከፈለዋል። በ2017 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ከተዘጋ በኋላ ግን ግራ ገብቶኛል፣ ሌሎቹም ጠቅልለው ቢወጡ ስራው እዛው ሊቀር ነው?

ሰናይት፦ የአሜሪካ ብቻ አይደለም እኮ፣ ዓለም ባንክም የአውሮፓ አገሮችም መንግስትም ያዋጣሉ፣ ስለዚህ ባንዴ አይዘጋም። እኔን የሚያሳስበኝ መስራት የማይችሉት ናቸው። አቅመ ደካማ አዛውንቶች ያለ ስራ ነው የሚከፈላቸው፣ ክፍያው ሲዘገይ ከጎረቤት ዱቄት ተበድረው ነው የሚከርሙት፣ በጣም ያሳዝናል።

አፈርና ውሃ፦ የላስታ ልጅ ወንድሜ፣ የተሰራው እርከን የትም አይሄድም ግን ጥገና ይፈልጋል፣ ክረምት ላይ ጎርፍ አንድ ቦታ ከናደው እየሰፋ ነው የሚሄደው። ገበሬው ዳሩ ላይ ለከብቱ የሚያጭደው ሳር ካለው ማንም ሳይከፍለው ይጠግነዋል፣ ከብት ልቅ የሚሰማራበት የወል መሬት ላይ ግን ሲፈርስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሪፖርት ላይ ስንት ኪሎሜትር ተሰራ ነው የሚባለው፣ ከ5 ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሟል ተብሎ ቢቆጠር ይሻላል ባይ ነኝ።

የላስታ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የወል መሬቱን ነገር ቀበሌ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።