ጠመኔ ስዕል በክረምት፣ ዝናቡን እንዴት ነው ምትቋቋሙት?

የኮዬዋ፦ ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ምኖረው፣ ከብሎካችን ፊት ሰፋ ያለ ሊሾ ወለል አለ እና ከግቢው ልጆች ጋር ለእንቁጣጣሽ በባለቀለም ጠመኔ ትልቅ የአደይ አበባ መስክ ልንስልበት አስበናል። ግን እንደምታውቁት ጳጉሜም ቢሆን ሰማዩ አይታመንም፣ በቀደም ለሙከራ ትንሽ ስለን ከሰዓት ሲያጉረመርም ላስቲክ አለበስነው፣ ስናነሳው ግን ቀለሙ ሁሉ ተደባልቆ ጠበቀን። ልጆቹ በጣም ነው የጓጉት፣ ብዙ ብር ማያስወጣ መላ ካላችሁ እባካችሁ።

ባለሸራው፦ እህቴ ላስቲኩ ስዕሉን ስለነካው ነው። ጠመኔ እኮ መሬት ላይ ያረፈ ዱቄት ነው፣ እንደ ቀለም አይጣበቅም፣ ላስቲክ ሲያርፍበት ንፋሱ እያንቀሳቀሰ ያብሰዋል፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ከውስጥ ያልበውና ላቡ መልሶ ስዕሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከፍ አርጋችሁ ወጥሩት። ግራና ቀኝ ብሎኬት ደርድሩ፣ በላዩ አጠና አጋድሙ፣ ላስቲኩን ወደ አንድ ጎን ዘቅዘቅ አርጋችሁ ዘርጉት ውሃ እንዳይቋጥር፣ ጫፉን በድንጋይ ያዙት፣ ጎኑ ክፍት ይሁን አየር ይግባበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ምፈራላችሁ ከታች ሚመጣውን ውሃ ነው፣ ብዙ ሰው ከላይ አሳምሮ ይሸፍንና ጎርፉ ከዳገቱ በኩል ወለል ለወለል መጥቶ ይወስድበታል። ስለዚህ ከመሳላችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ከፍ ካለው በኩል ድፉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። መንገዱን ካወቃችሁ በኋላ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ሰያፍ አርጋችሁ ደርድሩበት፣ ፊት ለፊት ልግታው ካላችሁ ይቋጥርና ሞልቶ ያልፋችኋል፣ ወደ ጎን ነው ማስቀየስ።

የለገጣፎ ልጅ፦ ለምን በዘይት ቀለም አትቀቡትም በቃ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል

ባለሸራው፦ ወንድሜ እሱ ይቅር። ወለሉ የጋራ ነው ጎረቤት ሳይስማማ አይሆንም፣ ደሞ የዘይት ቀለም በዝናብ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ አዛውንትም እርጉዝም ሚያልፉበት ቦታ ነው።

መምህርት ከጀሞ፦ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ስለምሠራ ትንሽ ልጨምር። ወለሉ እርጥብ ከሆነ አትጀምሩ፣ ውሃውን በመጥረጊያ ግፉት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ሲሚንቶው ነጣ እስኪል ጠብቁ። ጠመኔውን ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ብትነክሩት ቀለሙ ይደምቃል፣ ሲደርቅም በእጅ በእግር ቶሎ አይለቅም፣ ዝናብ ግን አያስቆምም እሱን እንዳትጠብቁ። የፀጉር ስፕሬይም ያው ነው ብር አታባክኑ። ሰዓቱን በተመለከተ የአዲስ አበባ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ሚዘንበው ከሰዓት ስለሆነ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምራችሁ እስከ 6 ሰዓት ጨርሱ፣ ለዚህ ደሞ መስኩን በካሬ ከፋፍላችሁ ለየልጁ አንዳንድ ስጡ፣ ያለቀው ካሬ እየተሸፈነ ይሄዳል ሁሉንም አንዴ ለመሸፈን መሯሯጥ አይኖርም።

ሰዓሊው (አያት)፦ በጣም ደስ ሚል ሐሳብ ነው እህቴ። ጣሊያን ማንቱዋ አጠገብ ግራዚዬ ምትባል መንደር አለች፣ ከ1973 (በፈረንጅ) ጀምሮ በየዓመቱ ኦገስት 15 በነሱ የማርያም ዕርገት በዓል የመሬት ሰዓሊዎች ቤተክርስቲያኗ ፊት ያለው አስፋልት ላይ ይስላሉ። እዛም ዝናብ ከመጣ ስዕሉ ይሄዳል፣ የመሬት ስዕል ሚሠራ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ስለዚህ ፎቶውን ለመጨረሻ አታቆዩት፣ ግማሽ ላይም አንሱ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሆናችሁ ወደ ታች። ደመና ሲሆን እንደውም ጥላ ስለሌለ ቀለሙ በደንብ ይወጣል።

የኮዬዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የባልዲውን ነገር ዛሬውኑ አየሁት፣ ውሃው በደረጃው በኩል ነው ሚመጣው፣ እኛ ደሞ ልክ እሱ ፊት ነበር የሳልነው። ላስቲኩ ግን የቱን አይነት ልግዛ? ያኛው ቶሎ ነው የተቀደደው።

ባለሸራው፦ የግንባታ ዕቃ ሱቅ በሜትር ሚሸጠውን ወፍራሙን በይያቸው፣ ወርዱ ከስዕሉ በየጎኑ አንድ አንድ ሜትር ይትረፍ። ድንጋይ ሚያርፍበት ጋ ጫፉን ሁለቴ እጠፉት እንዳይቀደድ። አሸዋ እንዳትገዙ፣ አጠገባችሁ ሚሠራ ሕንጻ ካለ ዘበኛውን ወይም ፎርማኑን ጠይቁ፣ ስትጨርሱ እንደምትመልሱ ንገሯቸው።