ጥቆማ፦ የብስክሌት ፍሬም በእጁ ለሚሠራ፣ ደሴ ይሻላል ኮምቦልቻ?

«የብስክሌት ፍሬም ቤቴ ልሠራ ነው። ብረቱን ከየት ልግዛ? ማን ጋ ላስበይድ?» ብሎ አንድ የደሴ ልጅ ጠይቆኛል። አብሽር ወንድሜ። እኔም አንድ ሠርቻለሁ፤ ሁለት ካበላሸሁ በኋላ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ገንዘብህን ቱቦ ላይ አትጨርስ። ለበያጁ አስቀርለት።

ቱቦውን በተመለከተ፣ የውሃ ቧንቧ የሚባለውን እርሳው። ባለ ሦስት አራተኛ ኢንቹ አንዱ ሜትር ኪሎ ተኩል ግድም ይመዝናል። ለብስክሌት ተብሎ የሚሠራው ክሮሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት)፣ ዲያሜትሩ 28.6 ውፍረቱ 0.9 ሚሊሜትር የሆነው፣ በሜትር 600 ግራም ቢሆን ነው። ልዩነቱን ሐረጎን፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ስትወጣ ጉልበትህ ይነግርሃል። ደግሞ ነጩ የውሃ ቧንቧ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይተናል፣ ጢሱም ያሳምማል። እኔ ልባጡን ሳልሞርድ አስበየድኩ፣ አጠገቡም ቆሜ አየሁ። ማታ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። እናቴ ወባ ነው ብላ ሦስት ብርድ ልብስ ደረበችብኝ። ጠዋት ለቀቀኝ፤ ግን አይደገምም።

ወንበርና አልጋ የሚሠራበት ክብ ቱቦ ይሻላል። ደሴም ኮምቦልቻም ብረታ ብረት ቤት ታገኘዋለህ። ባለ 1.2 ወይም ባለ 1.5 ሚሊውን ምረጥ። ከክሮሞሊ ይከብዳል፣ ቢሆንም ለመጀመሪያ ፍሬም ይበቃል። ክሮሞሊውን ከውጭ ማስመጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ሞረድ አያያዝ ሳትለምድ ያን ያህል ብር አውጣ አልልህም።

አሁን ዋናው ምክር። ፔዳሉ የሚዞርበትን ቋትና የመሪውን ቱቦ አዲስ አታሠራ። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ ሳይክል ይበዛል፣ ሳይክል ጠጋኞቹ ጋም የተጣለ ፍሬም አይጠፋም። ፊኒክስ የሚባለውን የቻይና ሳይክል አሮጌ ፍሬም ካገኘህ አትለፈው። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፣ ተወው። ቋቱን በሴጌቶ ቁረጥና ውሰድ። ቶርኖ ቤት አሠራዋለሁ ብትል የውስጡ የብሎን ጥርስ ያስቸግርሃል። የተለመደው ቋት ስፋቱ 68 ሚሊ ነው፣ ጥርሱ በኢንች 24። በሰንሰለቱ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። አንድ ቶርኖ ቤት ሁለቱንም ጎን ወደ ቀኝ አውጥቶልኝ ብረቴ ከሰረ። ስሙን አልጠራም፣ እኔም በደንብ አላስረዳሁትም።

ብየዳው ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያዩብኛል። ደሴ ያሳየኋቸው ሁሉ የበር እና የመስኮት ሰዎች ናቸው። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት፤ ለበር ጎበዞች ናቸው። አንዱ ግን በባለ 3.2 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ቱቦዬን በሳው፤ ቀዳዳውን ሊደፍን ሲል ሌላ ቀዳዳ ከፈተ። «ብረትህ ነው ቀጭኑ» አለኝ። የግድ ኤሌክትሪክ ከሆነ ባለ 2.5ቱን ወይም ከዚያ ያነሰውን ያዝና አምፔሩን ዝቅ አስደርግ።

ኮምቦልቻ ግን መኪና ጋራዦቹ አካባቢ በጋዝ የሚበይዱ አሉ። ምርጫዬ እነሱ ናቸው። በነሐስ ዘንግ ያያይዙታል። ነሐሱ 900 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ብረቱ 1,500 ገደማ ስለሚፈልግ አይቀልጥም። የእኔን የሠሩልኝ ሽማግሌ ገና እሳት ሳይለኩሱ ቱቦውን ከቋቱ ጋር ገጠሙና ወደ ፀሐይ አነሱት። በመጋጠሚያው ብርሃን ሾለከ። «ይኼን ይዘህ ቤትህ ግባ» ብለው መለሱልኝ። ሁለት ቀን ሞረድኩ። ስመለስ ቦራክስ የሚባለውን፣ ነሐሱ ብረቱን እንዲይዝ የሚረዳውን ዱቄት ነሰነሱበት፣ ብረቱ ቲማቲም እስኪመስል አሞቁት፣ ነሐሱን ነካ ሲያደርጉት ዙሪያውን ሮጦ ገባ። እንደ ቅቤ። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ይኼ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ቦራክሱን ካጣህ ወርቅ ሠሪዎችን ጠይቅ።

ቤት የሚሠራው እንግዲህ መቁረጡና መሞረዱ ነው። ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ግማሽ ክብ ሞረድ ያስፈልጉሃል። የመጋጠሚያውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሥለህ ቱቦው ላይ ጠቅልለው፣ መስመሩን ተከትለህ ሞርድ።

ተበይዶ ሲመጣ ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት በሲባጎ ፈትነው። ከኋላ ጎማ ማሰሪያው ከአንዱ ጎን ተነሣ፣ በመሪው ቱቦ ዞረህ በሌላው ጎን ተመለስና ወጥረህ እሰር። ከዚያ ሲባጎው ከኮርቻው ቱቦ በግራም በቀኝም ያለውን ርቀት ለካ። እኩል ካልሆነ ተጣሟል። የእኔ 2 ሚሊ ልዩነት ነበረው፣ ሽማግሌው በእጃቸው ገፍተው አቀኑት።

ቀለም የትም አስቀባ፤ አንቲረስት (ዝገት መከላከያው) መጀመሪያ።

የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካስ? እሱን አልሠራሁም፣ ከጠጋኞቹ ደህናውን መርጬ ገዛሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። ሹካ ቢሰበር የምትወድቀው በፊትህ ነው። ፍሬሙንም ቢሆን መጀመሪያ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አንድ ሳምንት ንዳውና መጋጠሚያዎቹን እየጠረግህ ስንጥቅ ፈልግ። ሐረጎ የትም አይሄድም።