በካታሎጉ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ መጻሕፍትን ማግኘት ስላልቻልን የእርዳታ ጥያቄ

በደብረ ማርቆስ ከተማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ስሆን፣ ቤተ መጻሕፍታችን የካርድ ማውጫውን ትቶ ኮሃ በተባለው ነፃ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሶፍትዌር መሥራት ከጀመረ ወዲህ፣ መደርደሪያ ላይ በዓይኔ የማያቸውን መጻሕፍት ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» እያለ ተማሪዎቼን ባዶ እጃቸውን ይመልስብኛል። እንደተረዳሁት ችግሩ ከፊደል የመነጨ ነው፤ «ዓለም» በዓ፣ በዐ ወይም በአ፣ «ፀሐይ» ደግሞ በፀ ወይም በጸ፣ በሐ ወይም በሀ ሊጻፍ ስለሚችል፣ መዝጋቢው የመረጠውን አጻጻፍ ፈላጊው ካልገመተ መጽሐፉ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። የእንግሊዝኛዎቹ ግን ያለ ችግር ይወጣሉ (ይህም ተማሪውን ከአማርኛው እንዳያሸሸው እሰጋለሁ)።

በደራሲ ስም መፈለጉም አስቸጋሪ ነው፤ የሐበሻ ስም ከራስ ስም መጀመር ሲገባው አንዳንዱ መዝገብ እንደ ፈረንጅ ልማድ የአባትን ስም አስቀድሟል። ለጊዜው መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ በሚለየው በዲዊ የምደባ ቁጥር፣ ለኢትዮጵያ ታሪክ 963፣ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 እያስገባን እንፈልጋለን፤ ይህ ግን መደርደሪያውን እንጂ የተፈለገውን መጽሐፍ ለይቶ አያሳይም።

ስለዚህ በኮሃ የሠራችሁ ባለሙያዎች፣ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ ማስተካከል የሚቻለው በየትኛው ቅንብር እንደሆነ፣ ካልተቻለም በየመዝገቡ ተለዋጭ አርእስት መጨመር ያዋጣ እንደሆነ እንድትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካታሎጉ የሚሠራው ያለ ኢንተርኔት፣ በግቢው ውስጥ በተዘረጋው መረብ ብቻ ነው።