ነጩ እባብ ለምን አልተፈለፈለም? እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሐረር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ኮርን ስኔክ የሚባለውን አይጥ በል እባብ ያረባል፤ ለክፍሌ ምሳሌ እንዲሆን ውጤቱን ላከልኝ።

አባትየው ጥቁር ቀለም የለውም፤ ቀይና ብርቱካናማ ነው። እናትየዋ ደግሞ ቀይ የላትም፤ ግራጫና ጥቁር ናት። ልጆቻቸው ግን ሁሉም የተለመደውን መልክ ይዘው ወጡ። ሁለቱም ጉድለቶች ሪሴሲቭ (ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሱ የማይታዩ) ስለሆኑ የአንዱን ጉድለት የሌላው ጤነኛ ጂን ሸፈነው። እዚህ ድረስ ተማሪዎቼ በደንብ ገብቷቸዋል።

የተቸገርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ 9:3:3:1 ይጠበቃል (9 የተለመደ መልክ፣ 3 ጥቁር የሌለው፣ 3 ቀይ የሌለው፣ 1 ነጭ)፤ ከ16 አንዱ ሁለቱንም ቀለም አጥቶ ነጭ ይሆናል። ከተፈለፈሉት 16 ግን አንድም ነጭ የለም! በስሌት ይህ የመሆን ዕድሉ 36 በመቶ ገደማ ስለሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ግን «ሁለቱ ጂኖች አንድ ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ቢሆንስ?» አለች። እንደዚያ ከሆነ የአንዱ ጉድለት ከሌላው ጤነኛ ጂን ጋር አብሮ ስለሚወረስ ነጭ የሚወጣው እምብዛም ነው። ግሩም ጥያቄ ነው፤ እንዲሁ አድበስብሼ ላልፈው አልፈልግም።

እንዲህ ያሉ እባቦችን ያረባችሁ ወይም ዘረመል የምታስተምሩ፣ በየመልኩ የተቆጠረ ውጤት ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። በተለይ መልኩ የተለመደ ሆኖ የሁለቱንም ጉድለት ጂን የተሸከመ እባብ ከነጭ ጋር የተዳቀለበት ቢሆን ይበልጥ ይጠቅመኛል፤ አራቱ መልኮች እኩል ገደማ ከመጡ ጂኖቹ ተጠጋግተው አይደለም፤ ለልጅቷ መልስ አገኘሁ ማለት ነው።